ሰባ ሦስተኛው ትምህርት ቤት

ኢንስፔክተር ታላቱ ጃታው ቱዱን ካኛ ወደምትባለው ከተማ ስትደርስ ሬሳው የሚታጠብበት ውሃ እየሞቀ ነበር። ዓርብ ጠዋት ነው። የሟቹ ታላቅ ወንድም የትምህርት ቤቱ ክሊኒክ በር ላይ ቆሞ የእጅ ሰዓቱን አሳያት።

«ከጁምዓ ሶላት በኋላ እንቀብረዋለን። ከዚያ በላይ አናቆየውም።»

«ይበቃኛል» አለችው፤ «እስከዚያ የለበሰውን ማንም አይንካብኝ።»

ሟቹ ሱራጆ ካልጎ ይባላል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር። የግዛቱ ትምህርት መሥሪያ ቤት ባለሙያ ሆኖ በሞተር ሳይክል ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይዞር ነበር። መንግሥት ለዚህ ዓመት የመደበው ገንዘብ ለሃያ ትምህርት ቤቶች አጥር ብቻ ነው የሚበቃው፤ አጥር የሌላቸው ደግሞ ከመቶ ይበልጣሉ። የትኛው ይቅደም የሚለው የሚታወቀው ሱራጆ ከሚሰጠው ነጥብ ነው። ጫካው ምን ያህል ይቀርባል? ታጣቂዎች ከዚህ በፊት መጥተዋል ወይ? ስንት ልጆች ያድራሉ? ያለው አጥር ምን ይመስላል?

ባለፈው ወር ዝርዝሩ ሲወጣ የቱዱን ካኛ የሴት ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ሰባ ሦስተኛ ሆነ። ከሦስት ዓመት በፊት ታጣቂዎች ገብተው አራት ልጆች የወሰዱበት ትምህርት ቤት ነው። ሦስቱ ተመልሰዋል። አንደኛዋ፣ ሳውዴ የምትባለው የልብስ ሰፊው የዩኑሳ ልጅ፣ አልተመለሰችም። ዝርዝሩ የወጣ ዕለት የከተማው ሰው መንገድ ላይ ወጥቶ ጮኸ፤ የሱራጆም ስም ከሌባ ስም እኩል ተጠራ።

ሐሙስ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የትምህርት ቤቱ የፊት ግንብ ተደረመሰና ሱራጆ ከሥሩ ሞቶ ተገኘ። የአካባቢው ፖሊስ መዝገቡ ላይ «አደጋ» ብሎ ጽፎ ጨርሷል። ታላቱ የተላከችው ሟቹ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ ብቻ ነው፤ አለቃዋም «አይተሽ ፈርመሽ ተመለሺ» ብሎ ነበር የሸኛት።

ታላቱ ፖሊስ ከመሆኗ በፊት ስምንት ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምራለች። ቁመቷ አጠር ያለ፣ አንድ ጉልበቷ የሚያማት፣ ሰው ሲናገር ዐይኑን ሳይሆን እጁን የምታይ ሴት ናት። ሬሳው አጠገብ ቀስ ብላ ተቀመጠችና ከጭንቅላቱ ቁስል ይልቅ ጫማዎቹን አየች። ቆዳ ጫማ ነው፤ ክር ያለው። የግራው ምላስ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተጨማዷል። የሁለቱም ቋጠሮ ፊቱን ያዞረ ነው። እሷ በዘመኗ የስንት ሕፃን ጫማ ፊት ለፊት ተንበርክካ አስራለች፤ የዚያ ዓይነት ቋጠሮ ከየትም ቢሆን ታውቀዋለች።

ፍርስራሹን ከሟቹ ላይ ያነሡት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ባባ ሌሬ ናቸው። ቀስታቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ በሩ ጋ ቁጭ ብለዋል።

«ባባ፣ ግንቡ ሲወድቅ የት ነበሩ?»

«መንገድ ላይ ነበርኩ ልጄ። አሥር ሰዓት ላይ ለሶላት ወደ ከተማ ሄጄ ነበር፤ ከዚያም ልጆቹ የሚወዳደሩበት አዳራሽ ጎራ አልኩ። ተማሪዎቹም መምህሮቹም እዚያ ነበሩ። ስመለስ ድምፁን ሰማሁ። መኪና ድንጋይ የሚያራግፍ ነበር የመሰለኝ። እየሮጥኩ ስደርስ አቧራው ገና አልሰከነም።»

«ወዲያው አነሡለት?»

«ወዲያው። በሁለት እጄ።»

«እጅዎን በምን ታጠቡት?»

ሽማግሌው ጥያቄው ገረማቸው። «ምን አለውና? አቧራ ነው። አራግፌ ለምሽቱ የመግሪብ ሶላት እጅ እግሬን ታጥቤ ውዱእ አደረግኩ።»

«ደም አልነካዎትም?»

ባባ ሌሬ እጃቸውን ገልብጠው አዩት። «አልነካኝም» አሉ ቀስ ብለው፤ «ፀጉሩ ላይ ነበር፤ ግን የደረቀ ነው።»

ታላቱ ወደ ግንቡ ሄደች። ግንቡ ያለው በመንገዱ በኩል ብቻ ነው፤ በሩን ይዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተዘርግቷል። የቀሩት ሦስት ጎኖች ባዶ ናቸው። ከመኝታ ክፍሎቹ ጀርባ የማሽላ ማሳ አለ፤ ከማሳው ወዲያ ጫካው ይጀምራል። ሳውዴንና ጓደኞቿን የወሰዷቸው በዚያ በኩል ነው።

የተደረመሰው ክፍል ስድስት እርምጃ ያህል ይሆናል። ታላቱ ብሎኬቶቹን በእግሯ እያገላበጠች አየቻቸው። ሁሉም ወፋፍራም፣ ግንበኞች ባለ ሃያ የሚሏቸው ናቸው። አንዱ ብቻ ቀጠን ይላል፤ ባለ አሥራ አምስት ነው። ሲሚንቶ የነካው ምልክት የለበትም። አንደኛው ፊቱ ላይ እንደ ግማሽ ጨረቃ የዞረ የዝገት ቀለም አለ፤ ጠርዙ ላይ ደግሞ ጠቆር ያለ ነገር ደርቆበታል። በመሀረብ ጠቅልላ መኪናዋ ውስጥ አስቀመጠችው።

ርእሰ መምህርቷ ሃጂያ ዙዌራ ቢሯቸው በረንዳ ላይ ተቀበሏት። ሃምሳውን ያለፉ፣ ትከሻቸው ሰፋ ያለ፣ ግንባራቸው ላይ ጠባሳ ያለባቸው ሴት ናቸው። ያን ቀን ታጣቂዎቹ ሲገቡ በመኝታ ክፍሉ በር ላይ ቆመው «በእኔ ላይ ካልሆነ አታልፉም» ያሉ እሳቸው ነበሩ፤ ጠባሳው የጠመንጃ ሰደፍ ነው። ቱዱን ካኛ ውስጥ ስማቸውን ያለ ምርቃት የሚጠራ ሰው የለም።

«መንገዱ አድክሞሽ ይሆናል ልጄ። ውሃ ልስጥሽ» አሉና በበሩ አጠገብ ካለው በርሜል ቀዱላት። በርሜሉ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል፤ በአንዱ በኩል ከሥሩ የእንጨት ጉማጅ ተሰክቶበታል። ታላቱ ጠጥታ ጫማዋን በሩ ላይ አወለቀችና ቢሮው ምንጣፍ ላይ ገባች።

«ሱራጆ ትናንት እዚህ መጥቶ ነበር?»

«እኔ ዘንድ አልመጣም። ያየሁት ከሁለት ወር በፊት፣ መጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ ነው። ትናንት ራሴን አሞኝ ከልጆቹ ጋር ሳልሄድ ቀረሁ። እቤቴ ተኝቼ ነበር፤ የግንቡ ድምፅ ነው የቀሰቀሰኝ።»

«ከእሱ ጋር ተቀያይማችሁ ነበር?»

«እኔ? ለምን ብዬ?» ሃጂያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። «የተቀየመው የከተማው ሰው ነው። ሰባ ሦስተኛ ስንባል ሁሉም እሱን ረገመ። እኔ ግን አልረገምኩትም። እንዲያውም ያ ምስኪን ከሰባ ሦስተኛ ወደ አራተኛ ሊያወጣን ሲለፋ ነው የሞተው። አላህ ይማረው።»

«አሜን» አለች ታላቱ። ማስታወሻዋ ላይ ምንም አልጻፈችም።

ልብስ ሰፊው ዩኑሳ የሚሠራበት ሱቅ ከገበያው ማዶ ነው። ገና ሳትጠይቀው «እኔን ነው የምትፈልጊው አይደል?» አለ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል።

«ትናንት ሱራጆን ተከትለኸው ሄደሃል ይላሉ።»

«አዎ፣ ሄጃለሁ። በሱቄ በር በሞተር ሲያልፍ አየሁትና መቀሴን ወርውሬ በእግሬ ተከተልኩት። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ደረስኩበት።»

«ምን ልታደርገው ነበር?»

«ልጠይቀው። ልጄን የበሉባት ትምህርት ቤት ሰባ ሦስተኛ የሆነችው በየትኛው ሂሳብ ነው ብዬ ልጠይቀው። አለቃሽ ይህንንም ወንጀል ካለው ይሰረኝ።»

«ምን መለሰልህ?»

ዩኑሳ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «እንደምጠብቀው አልነበረም። አልጮኸብኝም። ‹መልሱን እኔ ሳልሆን ሌላ ሰው ነው ሊነግርህ የሚገባው። እስከ ነገ ጊዜ እሰጠዋለሁ። ነገ ከጁምዓ በኋላ ካልነገረህ እኔ ወረቀቱን ይዤ ሱቅህ እመጣለሁ› አለኝ። ያ ሌባ አልሃጂ ሙንታሪን ማለቱ መሰለኝ። ግንቡን የሠራው እሱ ነዋ። ተመልሼ መጥቼ የአንድ ሙሽራ ልብስ ስሰፋ አመሸሁ፤ ባለ ልብሱ እስኪመሽ እላዬ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ጠይቂው።»

«ሃጂያ ዙዌራንስ ታምናቸዋለህ?»

ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «እሳቸውን? ሳውዴ ከተወሰደች ጀምሮ አንድ ዓርብ አልቀሩም። እየመጡ ከሚስቴ ጎን ይቀመጣሉ። አብረዋት ያለቅሳሉ። ከወንድሞቼ የሚበልጥ ሰው ብትዪኝ እሳቸው ናቸው።»

አልሃጂ ሙንታሪ የወላጆች ኮሚቴ ሊቀ መንበር ናቸው፤ ከገበያው ጀርባ ብሎኬት የሚያመርቱበት ሰፊ ግቢ አላቸው። ታላቱን ሲያዩ ወንበር አላቀረቡላትም።

«ስሚኝ ልጄ፣ የእኔ ግንብ ሰው አይገድልም። ባለፈው ክረምት ጭነት መኪና ገጭቶት ተሰነጠቀ፤ እኔ ደግሞ በራሴ ወጪ ሁለት ወፋፍራም ባላዎች አቁሜ ደገፍኩት። ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንኳ ሄጄ አይቼዋለሁ። ባላዎቹ ቀጥ ብለው ቆመው ነበር።»

«ሱራጆን አዩት?»

«ሞተሩ በሩ ላይ ቆሟል። እሱን አላየሁትም። ከዚያ ወደ አዳራሹ ሄጄ ለአሸናፊዎቹ ሽልማት ስሰጥ ነው ግንቡ ወደቀ የሚል ወሬ የመጣው። ሦስት መቶ ሰው አይቶኛል።»

«ባላዎቹን ፍርስራሹ ሥር ፈልጌ አጣኋቸው። ግቢው ውስጥ ያለው ኒም ዛፍ ላይ ተደግፈው ነው ያገኘኋቸው።»

አልሃጂ ወደ ትምህርት ቤቱ አቅጣጫ ዞረው አዩ።

«ሌላም ልጠይቅዎ። እዚያ ግንብ ላይ ባለ አሥራ አምስት ብሎኬት ተጠቅመው ያውቃሉ?»

«ትቀልጃለሽ እንዴ? ባለ አሥራ አምስት የጓዳ መከፋፈያ ነው። አጥር በእሱ የሠራ ግንበኛ ካለ አሳዪኝና ከከተማ አባርረዋለሁ።»

«ሦስቱን ጎን ለምን አልሠሩም?»

«ማን አዘዘኝና? ያዘዙኝ የፊቱን ነው፤ የፊቱን ሠራሁ። የቀረው ለሚቀጥለው ዓመት ነው ተባለ። ይኸው ስድስት ዓመት ሆነው፤ ያ የሚቀጥለው ዓመት መምጫው ጠፍቷል።» ትንሽ አሰቡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰው ግን የሦስቱን ጎን ገንዘብ የበላሁ ይመስለዋል። ዩኑሳ ሰላምታዬን አይመልስም።»

ከሰዓት በኋላ፣ ሱራጆ ከተቀበረ በኋላ፣ ታላቱ ወደ ትምህርት መሥሪያ ቤቱ ደወለች። ስልኩን ያነሣው የሟቹ ኃላፊ ነው።

«መጀመሪያ ሄዶ አይቶ አጥር የለውም ብሎ ጽፎ ነበር» አላት፤ «እዚህ ያለው መዝገብ ግን አጥር አለው ይላል። የበላዮቹ ከእሱ ይልቅ መዝገቡን አመኑ፤ ነጥቡ ወረደ። እሱ ግን አልተዋጠለትም። ሐሙስ ጠዋት ከድሮ ፋይል ውስጥ አንድ ወረቀት አገኘ። ያ ወረቀት ሐሰት ከሆነ ትምህርት ቤቱ ስንተኛ እንደሚሆን እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ አስልቶ አሳየኝ።»

«ስንተኛ?»

«አራተኛ።»

«ይህን ከእርስዎና ከእሱ ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም። አስልቶ እንደጨረሰ ሞተሩን አስነሥቶ ወደ እናንተ መጣ። ወረቀቱ ሁለት ኮፒ ነበረው፤ አንዱን ይዞ ሄደ፣ አንዱ እኔ ጋ ነው።»

«ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ።»

ፎቶው ሲደርሳት ታላቱ መኪናዋ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ አየችው። ከዚያም መኪናዋን አስነሥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰች።

ቅዳሜ ጠዋት አራቱንም ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ልጆቹ ሌላኛው ሕንፃ ውስጥ ነበሩ። ሃጂያ ዙዌራ በመምህሩ ወንበር ተቀመጡ፤ ዩኑሳ ወንበሩን ወደ እሳቸው አስጠግቶ ከአልሃጂ ራቀ። ባባ ሌሬ በሩ ላይ ቆሙ። ሁለት ፖሊሶች ውጭ አሉ። ታላቱ ቀጭኑን ብሎኬት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ጥቁር ሰሌዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ሱራጆን ግንብ አልገደለውም» አለች። «ባባ ፍርስራሹን ያነሡት ግንቡ እንደወደቀ ነው፤ አቧራው ሳይሰክን። ያን ጊዜ ደሙ ደርቋል። ስለዚህ ሰውየው ግንቡ ሲወድቅ ከሞተ ቆይቷል። ሬሳውን አምጥቶ እዚያ ያስተኛው ሰው አለ። ባላዎቹን ነቅሎ ኒም ዛፉ ላይ ያስደገፋቸውም እሱ ነው።»

«አላልኩሽም» አሉ አልሃጂ፤ «ግንቤ...»

«ቆዩኝ አልሃጂ። የት ሞተ የሚለውን የነገረኝ ጫማው ነው። የግራው ምላስ ወደ ውስጥ ታጥፏል። እንዲህ ሆኖ ሰው ሦስት እርምጃ አይራመድም። ቋጠሮውም የራሱ አይደለም፤ ፊት ለፊቱ ሆኖ ያሰረለት ሰው አለ። እንግዲህ ሲሞት ጫማውን አውልቆ ነበር። ሰው ጫማውን የሚያወልቀው የት ነው? ዩኑሳ ያናገረው በር ላይ ቆሞ ነው። ግንቡ ሥር አቧራ ነው። በዚህ ግቢ ውስጥ ምንጣፍ ያለው ክፍል አንድ ብቻ ነው።»

ዩኑሳ የሰማው ገና አልገባውም ነበር።

«ይህ ብሎኬት ከፍርስራሹ ውስጥ የተገኘ ነው። ግን ከዚያ ግንብ አይደለም፤ አልሃጂ በባለ አሥራ አምስት አጥር አይሠሩም። ይህ የዝገት ምልክት የበርሜል መቀመጫ ነው። ትናንት ከሰዓት እቢሮው በረንዳ ላይ ያለውን በርሜል አንሥቼ አየሁ። ሦስት ቀጫጭን ብሎኬቶችና አንድ የእንጨት ጉማጅ አለው። ይህን በጉማጁ ቦታ ሳስገባው የዝገቱ ክብ ገጠመ፤ በርሜሉም ቀጥ አለ። የውሃ ጀሪካን የምታመላልሱበት ካሪዮላ ደግሞ ታጥቧል። በዚህ በአቧራ ወራት፣ በዚህ በውሃ እጥረት፣ ካሪዮላ የሚያጥብ ሰው አላውቅም።»

«ኢንስፔክተር» አለ ዩኑሳ፤ «ተሳስተሻል። ማንን እያልሽ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ብሳሳት ደስ ይለኝ ነበር። ግንቡ ሲወድቅ አንተ ባለ ልብሱ ፊት ትሰፋ ነበር። አልሃጂ ሦስት መቶ ሰው ፊት ነበሩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባላዎቹ ቆመው ነበር ያሉት ደግሞ ራሳቸው ናቸው፤ ጥፋተኛ ቢሆኑ ‹ድሮም ሊወድቅ የደረሰ ግንብ ነው› ይሉኝ ነበር። ሃጂያ ሱራጆን ከሁለት ወር ወዲህ አላየሁትም አሉኝ። እዚያው ላይ ግን ወደ አራተኛ ሊያወጣን ሲለፋ ሞተ አሉ። አራተኛ የሚለውን ቁጥር ሱራጆ ያገኘው ሐሙስ ጠዋት ነው። ከአለቃው ሌላ የሰማው የለም። ሃጂያ ከሱራጆ አፍ ካልሆነ ከማን ሰሙት?»

ሃጂያ ዙዌራ የሻሻቸውን ጫፍ ወደ ትከሻቸው መለሱት። ፊታቸው ላይ ድንጋጤ አልነበረም፤ የመታከት ነገር ነው ያለው።

«ወረቀቱን ለዩኑሳ አንብቢለት» አሉ። «እኔ ላነብለት አቅም የለኝም።»

ታላቱ ስልኳን አወጣች። ወረቀቱ ስድስት ዓመት የሞላው ነበር። «‹የቱዱን ካኛ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ግቢ በአራቱም ጎን በግንብ የታጠረ መሆኑን አረጋግጣለሁ።› ፊርማ፤ ርእሰ መምህርት ዙዌራ።»

ዩኑሳ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። የወንበሩ እግር ሲሚንቶው ላይ ጮኸ።

«ያኔ አዳሪ አልነበረንም» አሉ ሃጂያ፤ የሚናገሩት ለእሱ ብቻ ነበር። «ከገጠር የሚመጡት ልጆች ሁለት ሰዓት በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ሰባተኛ ክፍል ሲደርሱ ይቀራሉ፤ ይዳራሉ። አዳሪ ላድርገው ብዬ ስጠይቅ አጥር የሌለው ትምህርት ቤት ሴት ልጅ አያሳድርም ተባልኩ። የፊቱ ግንብ ተሠርቶ ነበር። የቀረው በሚቀጥለው ዓመት ይሠራል አሉኝ፤ አመንኳቸው። አንድ ዓመት ብቻ የምዋሽ መስሎኝ ፈረምኩ። በዚያ ፊርማ ስንት ልጅ ከመዳር ተረፈች ዩኑሳ። ሳውዴም በዚያው ነው የገባችው።»

«በዚያው ነው የወጣችው» አለ ዩኑሳ።

«ከዚያ ቀን በኋላ ልናገር አስቤ ነበር። ስንት ጊዜ። ቤትህ ስመጣ ሁሉ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ነው የምመጣው። ሚስትህ እጄን ስትይዘኝ ያቅተኛል። ዝርዝሩ ሲወጣም በዚያ ወረቀት የተነሣ መሆኑን ዐውቄያለሁ። አቤቱታ ጻፍኩ። አሥር ደብዳቤ ጻፍኩ።»

«ዐሥራ አንደኛውን አልጻፉም» አለች ታላቱ፤ «አጥር የለንም፣ ዋሽቼ ነው የሚለውን።»

«ያ ልጅም እንዲሁ ነው ያለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ‹እርስዎ ራስዎ ይጻፉት፤ እኔ እስከ ነገ እታገሣለሁ፤ ያን አባት ግን እርስዎ ይንገሩት› አለኝ። ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ። እኔ ያየሁት እሱን አይደለም። ያየሁት አንተን ነው፤ ስትሰማ የሚኖርህን ፊት። ብሎኬቱ ከበርሜሉ ሥር ወጣ ብሎ ነበር፤ በእጄ ገባ።» ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብሎኬት ተመለከቱ። «አልሃጂ ሲመጣ ሬሳውን ቢሮ አስገብቼ በሩን ቆልፌ ነበር።»

አልሃጂ ሙንታሪ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ስድስት ዓመት ሌባ የተባሉበት ነገር ፊታቸው ተፈትቶ ቢቀመጥም ደስታ አልታየባቸውም።

ዩኑሳ ተነሣ። በሕይወቱ ሙሉ ይህችን ሴት «እርስዎ» ብሎ ነው የጠራት።

«አንቺ» አለ። ቃሉ ለራሱም እንግዳ ሆነበት፤ ደገመው። «አንቺ ትናንት ዓርብ አልነበር? ትናንትም ቤቴ መጥተሽ ነበር። ሰውየውን ገድለሽ፣ ካሪዮላውን አጥበሽ፣ መጥተሽ ሚስቴ ጎን ተቀምጠሽ አለቀስሽ። ለማን ነበር የምታለቅሺው?»

መልስ አልጠበቀም። ከክፍሉ ወጥቶ ግንብ በሌለው በኩል፣ በማሽላው ማሳ ውስጥ አቋርጦ ወደ ከተማ ሄደ።

ሃጂያ ዙዌራን መኪና ውስጥ ሲያስገቧቸው ልጆቹ መስኮት ላይ ተደራርበው ያዩ ነበር። እሳቸው ታላቱን አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት።

«አሁን እውነቱ ታውቋል። አጥሩ ይሠራል አይደል?»

«አራተኛ ናችሁ» አለቻቸው ታላቱ። ያን ጊዜ እሷም አምናው ነበር።

መልሱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ደብዳቤው ለትምህርት ቤቱ የተጻፈ ሲሆን ግልባጩ ለፖሊስ ደርሷል። በምርመራው እንደተረጋገጠው ግቢው ያልታጠረ በመሆኑ ልጆችን የማሳደር ፈቃዱ ከዛሬ ጀምሮ ተሰርዟል ይላል። የአጥር ቅድሚያ የሚሰጠው ለአዳሪ ትምህርት ቤቶች ስለሆነ፣ ትምህርት ቤቱ የቀን ትምህርት ቤት ሆኖ ሲመዘን ከዘንድሮው ዝርዝር ይወጣል፤ ጉዳዩ በሚቀጥለው የበጀት ዓመት ይታያል። ታላቱ ሁለት ጊዜ አነበበችው። አንድም ሐሰት አልነበረበትም። ማስረጃ ተብሎ የተጠቀሰው የራሷ ሪፖርት ነው፤ ቀኑና ቁጥሩ ሳይቀር።

በእረፍት ቀኗ ቱዱን ካኛ ሄደች። ሁለት መቶ የሚያህሉ ልጆች ፍራሻቸውን ጠቅልለው፣ የቆርቆሮ ሳጥናቸውን አቁመው መንገድ ዳር ተቀምጠዋል። አባቶች በሞተርና በአህያ ጋሪ እየመጡ ይወስዳሉ። የአሥራ አምስት ዓመት የምትሆን ልጅ ሳጥኗ ላይ ተቀምጣ ሳታለቅስ ፊት ለፊቷ ታያለች። አባቷ ገመዱን እያጠበቀ ለጎረቤቱ ያወራል፤ የልጅቱ እጮኛ ቤተሰቦች ድሮም ሲጠይቁ ቆይተዋል፣ እንግዲህ ምን ይጠበቃል እያለ።

ዩኑሳ በመንገዱ ማዶ መጣ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አልቆመም ነበር። ታላቱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። በቀጥታ ወደ አባትየው ሄደ።

«ልጅህ ስንተኛ ክፍል ናት?»

«ስምንተኛ። ምነው?»

«ትምህርቱ አልተዘጋም፤ የተዘጋው መኝታው ነው። ከተማ ውስጥ የምታድርበት ካላት መማር ትችላለች።»

«የት ታድራለች? ዘመድ የለኝ እዚህ።»

«እኔ ቤት። አንድ ክፍል አለኝ። ሦስት ዓመት ተቆልፎ ነው የቆየው። ሚስቴ ዛሬ ጠዋት ጠርጋዋለች።» አባትየው ሲያመነታ ዩኑሳ ከኪሱ ቁልፍ አወጣና ለሰውየው ሳይሆን ለልጅቷ ሰጣት።

ያን ቀን ስድስት ልጆች ተቀበለ። አልሃጂ ሙንታሪ ሰምተው አራት ወሰዱ፤ ባባ ሌሬም ያላቸው አንድ ጎጆ ቢሆንም አንዲት የወንድማቸውን የልጅ ልጅ አስቀሩ። የቀሩት በየመጣላቸው ጋሪና ሞተር ሄዱ። ታላቱ የመጨረሻው ሞተር ከመንገዱ መታጠፊያ እስኪሰወር ቆማ ጠበቀች፤ ከዚያም ዩኑሳ ብቻውን ሊሸከመው ያልቻለውን የቆርቆሮ ሳጥን በአንድ ጫፍ ይዛ፣ በሚያማት ጉልበቷ እያነከሰች፣ አብራው ወደ ከተማ ወረደች።